የፕሮቲን ቅርጽ በኮምፒውተር ይተነበያል፤ የኢንዛይም ሥራስ?

እ.ኤ.አ. በ2024 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው ሦስት ሰዎች ሁለቱ፣ ዴሚስ ሃሳቢስና ጆን ጃምፐር፣ የጎግል ዲፕማይንድ ተመራማሪዎች ናቸው። ያሸለማቸው አልፋፎልድ ነው፤ የአንድን ፕሮቲን የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል ተቀብሎ፣ ፕሮቲኑ ተጣጥፎ ሲያበቃ ምን ቅርጽ እንደሚይዝ የሚተነብይ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥርዓት። ሦስተኛው ተሸላሚ ዴቪድ ቤከር ደግሞ በተፈጥሮ የሌሉ ፕሮቲኖችን በኮምፒውተር በመንደፍ ነው የተሸለመው። ከዚያ ወዲህ በዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ገንዘብ በሚመደብባቸው ስብሰባዎች አንድ ጥያቄ ይደጋገማል። ኮምፒውተር በደቂቃዎች የሚሰጠውን መልስ ለማግኘት ዓመታት የሚደክም የመዋቅራዊ ባዮኬሚስትሪ ፕሮፌሰር፣ ከነቤተ ሙከራውና ከነተማሪዎቹ፣ ከእንግዲህ ለምን ያስፈልጋል?

ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። አልፋፎልድ እስከ 2022 ድረስ ከ200 ሚሊዮን በላይ ለሚሆኑ ፕሮቲኖች ቅርጽ ተንብዮ በነጻ ለዓለም አቅርቧል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በቤተ ሙከራ ተለክተው በዓለም አቀፉ የፕሮቲን መረጃ ቋት የተቀመጡት መዋቅሮች ግን ከሃምሳ ዓመት በላይ በፈጀ ሥራ 200 ሺህ የደረሱት በ2023 መባቻ ነው። አንድ ለሺህ ማለት ነው። በዚህ ሚዛን ብቻ ከሆነ ፍርዱ ያለቀ ይመስላል።

እኔ ግን ሚዛኑ ራሱ የተሳሳተ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለ ኢንዛይም የሚያጠና ሰው ቅርጹን የሚፈልገው ለቅርጹ ብሎ አይደለም። የሚፈልገው ያ ሞለኪውል ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ፣ ለምን እንደዚያ እንደሚፈጥን፣ ሲበላሽ የቱ ጋ እንደሚበላሽ ማወቅ ነው። ቅርጽ ወደዚህ የሚያስገባ በር ነው፤ ከበሩ ወዲያ ያለውን መንገድ ግን እስካሁን በሙከራ እንጂ በሌላ የሄደበት የለም። ይህን ለማሳየት ከሁሉ የሚሻለው ምስክር የመጀመሪያው መዋቅሩ የታወቀ ኢንዛይም ታሪክ ስለሆነ፣ እሱ ጋ ትንሽ እንቆያለን።

በቅድሚያ ግን ስለ ፕሮቲን ጥቂት። ፕሮቲን ከሃያ ዓይነት አሚኖ አሲዶች የተቀጣጠለ ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ በውኃ ውስጥ ሲሆን ራሱን አጣጥፎ የተወሰነ ቅርጽ ይይዛል። አሜሪካዊው ክርስቲያን አንፊንሰን ራይቦኑክሌዝ በተባለ ኢንዛይም ላይ ባደረገው ሙከራ፣ የተዘረጋው ሰንሰለት ማንም ሳያግዘው ተመልሶ ትክክለኛ ቅርጹን እንደሚይዝ አሳየ፤ ለዚህም በ1972 የኖቤል ሽልማት አገኘ። ቅርጹ በቅደም ተከተሉ ውስጥ ተጽፏል ማለት ነው። የዛሬው የኮምፒውተር ትንበያ ሁሉ የቆመው በዚህ ግኝት ላይ ነው።

ኢንዛይሞች ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥኑ ፕሮቲኖች ናቸው። የሚያፋጥኑበት መጠን ለማመን ይከብዳል። ለዘረመል ፊደላት መሥሪያ ከሚያስፈልጉት ኢንዛይሞች አንዱ ኦኤምፒ ዲካርቦክሲሌዝ ይባላል። እሱ የሚያከናውነው ለውጥ ያለ ኢንዛይም፣ በክፍል ሙቀት፣ በውኃ ውስጥ ቢተው ከሞለኪውሎቹ ግማሾቹ እስኪለወጡ 78 ሚሊዮን ዓመት ያህል ይፈጃል። ኢንዛይሙ ግን አንዱን ለውጥ በሴኮንድ ሽራፊ ይጨርሰዋል። በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ያለው ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ ደግሞ በሴኮንድ እስከ አንድ ሚሊዮን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውሎችን ያስተናግዳል። ይህን ፍጥነት የሚሰጠው አጠቃላይ ቅርጹ ብቻ አይደለም። ሥራው በሚከናወንባት ጠባብ ስፍራ ያሉ ጥቂት አቶሞች አቀማመጥ፣ የሚሸከሙት ኤሌክትሪካዊ ሙል፣ በመካከላቸው የምትገባ አንዲት የውኃ ሞለኪውል፣ የእነዚህ ሁሉ ቅንጅት ነው። እዚያ ጋ የአንድ አንግስትሮም፣ ማለትም የሜትር አንድ አሥር ቢሊዮንኛ፣ ግማሽ ያህል መዛነፍ እንኳ ልዩነት ያመጣል።

አሁን ወደ ላይሶዛይም። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1922 ያስታወቀው ኢንዛይም ነው፤ በእንባ፣ በምራቅ፣ በንፍጥ ውስጥ ይገኛል፣ የባክቴሪያን ግድግዳ ቆራርጦ ያፈርሳል። ከዶሮ እንቁላል ነጭ በብዛት ስለሚገኝና በቀላሉ ክሪስታል ስለሚሆን ለአጥኚዎች የተመቸ ነበር። 129 አሚኖ አሲዶች ብቻ ነው ያሉት። በ1965 ዴቪድ ፊሊፕስና ባልደረቦቹ ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን በኤክስሬይ መዋቅሩን አወጡ። በዓለም ላይ ቅርጹ የታየ የመጀመሪያው ኢንዛይም ሆነ። በጎኑ ረጅም ስንጥቅ አለው፤ የባክቴሪያው የስኳር ሰንሰለት በዚያ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ባልደረባቸው ሉዊዝ ጆንሰን ደግሞ ኢንዛይሙን የሚያግዱ ትንንሽ ሞለኪውሎች የት ላይ እንደሚቀመጡ አሳየች።

ፊሊፕስ መዋቅሩን አይቶ የሥራውን ሂደት አስረዳ። በስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት አሲዶች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ በ35ኛው ቦታ ግሉታሚክ አሲድ፣ በ52ኛው አስፓርቲክ አሲድ። ግሉታሚኩ ፕሮቶን ለግሶ የስኳሩን ትስስር ይበጥሳል፤ የቀረው ስኳር አዎንታዊ ሙል ይዞ ይንጠለጠላል፤ አስፓርቲኩ በአሉታዊ ሙሉ ከሩቅ ሆኖ ይደግፈዋል፤ ከዚያ ውኃ ገብታ ሥራው ያልቃል። ማብራሪያው ውብ ነበር። ወደ መማሪያ መጻሕፍት ገባ፣ በየአገሩ ያለ የባዮኬሚስትሪ ተማሪ ተፈተነበት።

ይሁንና ከዚያ አሥራ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1953፣ ባዮኬሚስቱ ዳንኤል ኮሽላንድ ምንም መዋቅር ሳያይ በኬሚስትሪ አመክንዮ ብቻ ሌላ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። እንደ እሱ ከሆነ የዚህ ዓይነት ኢንዛይሞች ስኳሩን ከራሳቸው ጋር በእውነተኛ ኬሚካላዊ ትስስር ለጊዜው ያጣብቁታል፣ ከዚያም ይለቁታል። ለላይሶዛይም ግን ይህ ጊዜያዊ ትስስር ታይቶ አያውቅም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሲፈጠር ወዲያው ይፈርሳል፣ የሚፈርስበት ፍጥነት ከሚፈጠርበት ስለሚበልጥ አይጠራቀምም። ያልተጠራቀመ ነገር ደግሞ በክሪስታል ውስጥ አይታይም።

በ2001 ዴቪድ ቮካድሎ፣ ስቲቨን ዊዘርስና ባልደረቦቻቸው መላ አገኙ። በስኳሩ ላይ አንድ የፍሎሪን አቶም አስገቡ፤ ፍሎሪን ኤሌክትሮን ወደ ራሱ ስለሚስብ ሂደቱን ያዘገየዋል። በኢንዛይሙም በኩል 35ኛውን ግሉታሚክ አሲድ ወደ ግሉታሚን ለወጡት፤ በዚህ ጊዜ የትስስሩን መፍረስ የሚያግዘው ክፍል ተዳከመ። ከዚያ ኢንዛይሙን በማስ ስፔክትሮሜትር መዘኑት። ክብደቱ ጨምሮ ተገኘ፣ ስኳሩ ተጣብቆበታል። ክሪስታሉንም በኤክስሬይ አዩት፤ ስኳሩ ከ52ኛው አስፓርቲክ አሲድ ጋር በኮቫለንት፣ ማለትም በእውነተኛ ኬሚካላዊ፣ ትስስር ተያይዟል። ኮሽላንድ ትክክል ነበር።

መዋቅሩ ከታወቀ 36 ዓመት ካለፈ በኋላ ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ የላይሶዛይም ቅርጽ ከብዙ ፕሮቲኖች በላይ በጥራት ተለክቶ፣ በብዙ ቤተ ሙከራዎች በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ ተደጋግሞ ታይቷል። ቅርጹ ላይ ስህተት አልነበረም። የጎደለው ቅርጹ ውስጥ ያልነበረ ነገር ነው፤ ኢንዛይሙን በሥራ ላይ እንዳለ አዘግይቶ፣ አንዲት አቶም ለውጦ፣ መዝኖ የሚጠይቅ ሙከራ። ዛሬ ማንም ሰው የላይሶዛይምን ቅደም ተከተል ለአልፋፎልድ ቢሰጥ እጅግ ጥሩ ቅርጽ ያገኛል። ከዚያ ቅርጽ ግን የፊሊፕስንና የኮሽላንድን ክርክር መፍታት አይችልም።

ታዲያ በመዋቅራዊ ባዮኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ውስጥ በየዕለቱ የሚሠራው ምንድን ነው? ብዙ ሰው የሚያስበው በማይክሮስኮፕ ማየትን ነው። አብዛኛው ጊዜ ግን የሚያልፈው ለማየት በመዘጋጀት ነው። ፕሮቲኑን የሚያዝዘው ዘረ መል በባክቴሪያ ውስጥ ይገባል፣ ባክቴሪያው ተባዝቶ ፕሮቲኑን ያመርታል፣ ሕዋሱ ተሰብሮ ከሺዎች ፕሮቲኖች መካከል አንዱ ተለይቶ ይጣራል። ከዚያ የጠራው ፕሮቲን ከጨው፣ ከአሲድነት መጠንና ከተለያዩ ኬሚካሎች ጋር በልዩ ልዩ ውህደት ይሞከራል። ዛሬ ሮቦቶች 96 ጉድጓዶች ባሉት ሰሌዳ ላይ ዓይን በጭንቅ የሚያያቸውን ጠብታዎች ያስቀምጣሉ። ከዚያ ጥበቃ ነው። አንዳንዱ በማግስቱ እንደ ተሰበረ ብርጭቆ የሚያበራ ክሪስታል ይሆናል፤ አንዳንዱ ወራት ፈጅቶ ከደለል በቀር ምንም አይሰጥም። የዶክትሬት ተማሪዎች ትዕግሥት የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው።

ክሪስታሉ ሲገኝ በፈሳሽ ናይትሮጂን ቀዝቅዞ ሲንክሮትሮን ወደሚባለው ግዙፍ የኤክስሬይ ምንጭ ይወሰዳል። ጨረሩ በክሪስታሉ ላይ ሲያርፍ በሺዎች የሚቆጠሩ ነጠብጣቦች ይመዘገባሉ። ከነጠብጣቦቹ ብርታት ወደ አቶሞቹ አቀማመጥ ለመመለስ ግን ግማሹ መረጃ ይጎድላል፤ መሣሪያው የማዕበሉን ጥንካሬ እንጂ ማዕበሉ በምን ደረጃ ላይ እንደደረሰ አይመዘግብም። ማክስ ፔሩትዝ በደም ውስጥ ኦክስጂን የሚሸከመውን ሂሞግሎቢንን ይዞ ከሃያ ዓመት በላይ የቆየው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነበር፤ መፍትሔውንም እንደ ሜርኩሪ ያሉ ከባድ አቶሞችን ፕሮቲኑ ላይ በማያያዝ አገኘው። ጆን ኬንድሩ በ1958 ማዮግሎቢንን ቀድሞ አሳየ፤ ሁለቱ በ1962 አብረው ተሸለሙ። ዶሮቲ ሆጅኪን በ1930ዎቹ የጀመረችውን የኢንሱሊን ሥራ የጨረሰችው በ1969 ነው።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ ክሪዮ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተጨመረ። ፕሮቲኑ ክሪስታል መሆን ሳያስፈልገው በስስ በረዶ ውስጥ ይታሰራል፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ደብዛዛ ምስሎቹ በኮምፒውተር ተደምረው አንድ ጥርት ያለ ቅርጽ ይወጣል። ዣክ ዱቦሼ፣ ዮአኪም ፍራንክና ሪቻርድ ሄንደርሰን በ2017 የተሸለሙበት ነው። ትልልቅ የፕሮቲን ስብስቦችን፣ ክሪስታል መሆን እምቢ ያሉ የሕዋስ ሽፋን ፕሮቲኖችን ለማየት በር የከፈተው እሱ ነው።

አልፋፎልድ እዚህ ሥራ ውስጥ ሲገባ ጠላት ሆኖ አይደለም የገባው፤ ይህ በአደባባይ ክርክር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የተተነበየው ቅርጽ ቀደም ሲል በሜርኩሪና በመሰሎቹ ይሞላ የነበረውን የጎደለ መረጃ ለመሙላት መነሻ ይሆናል። ፔሩትዝን አሥርተ ዓመታት ያሰረው ችግር ዛሬ በብዙ ፕሮጀክቶች በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚፈታ ሆኗል። ይህ ትልቅ ድል ነው፣ ሥራውን የሚያውቅ ሁሉ በደስታ የተቀበለው።

ገደቡንም ግን ሥርዓቱ ራሱ ይናገራል። ለእያንዳንዱ አሚኖ አሲድ ከ0 እስከ 100 የሚደርስ የእርግጠኝነት ነጥብ ይሰጣል። በ2021 የሰው ፕሮቲኖች ትንበያ ሲወጣ፣ ከአሚኖ አሲዶቹ 58 በመቶው በእርግጠኝነት፣ ከእነሱም ውስጥ ከጠቅላላው 36 በመቶ የሚሆነው በከፍተኛ እርግጠኝነት የተተነበየ ነበር። የቀረው ክፍል ገሚሱ ቋሚ ቅርጽ የሌለው፣ እንደ ሁኔታው የሚለዋወጥ ነው። ከፍተኛ ነጥብ ያገኘውም ቢሆን ከቤተ ሙከራ መለኪያ ጋር ሲነጻጸር አንዳንዴ የጎን ሰንሰለቶቹ ዞረው፣ ሁለት ክፍሎች በተለየ ማዕዘን ተቀምጠው ይገኛሉ። ለአብዛኛው ጥቅም ይህ ምንም አይደለም። የኢንዛይም ሥራ ለሚከናወንባት ጠባብ ስፍራ ግን ዋናው ነገር እሱ ነው።

ከሁሉ የከበደው ግን ፕሮቲን አንድ ቅርጽ ብቻ አለመያዙ ነው። ለዚህ ኬራስ የተባለውን ኢንዛይም መመልከት ይበቃል። ኬራስ በሕዋስ ውስጥ ለዕድገት ምልክት የሚያስተላልፍ ፕሮቲን ነው፤ ጂቲፒ የተባለውን ሞለኪውል ሲይዝ ይበራል፣ ቆርጦ ጂዲፒ ሲያደርገው ይጠፋል። በ12ኛው ቦታ ላይ ያለው አሚኖ አሲድ ሲለወጥ የመቁረጥ ሥራው ይዳከምና ምልክቱ ሳይጠፋ ይቆያል። ይህ ለውጥ በሳንባ፣ በአንጀት፣ በተለይም በቆሽት ካንሰር ላይ ተደጋግሞ ይገኛል። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ጥፋተኛነቱ ታውቋል፤ የእሱና የቅርብ ዘመድ ፕሮቲኖቹ ቤተሰብ መዋቅርም ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በእጅ ነበር። መድኃኒት ግን አልተገኘም። ጂቲፒን እጅግ አጥብቆ ስለሚይዝ እሱን አስለቅቆ ቦታውን የሚወስድ መድኃኒት ማግኘት ተስፋ የሌለው ሆነ። ሌላ መድኃኒት የሚያርፍበት ጉድጓድ ደግሞ በላዩ አይታይም። መድኃኒት አይደፍረውም ተብሎ ተተወ።

በ2013 ኬቫን ሾካትና ባልደረቦቹ በሳን ፍራንሲስኮ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሌላ መንገድ ሞከሩ። ከለውጡ ዓይነቶች አንዱ በ12ኛው ቦታ ሲስቲን የተባለ አሚኖ አሲድ ያስቀምጣል፤ ሲስቲን ደግሞ በቀላሉ ኬሚካላዊ ትስስር ይፈጥራል። ሲስቲኑን የሚይዙ ትንንሽ ሞለኪውሎችን ፈልገው ከኢንዛይሙ ጋር አገናኙ፣ ከዚያ ክሪስታሉን በኤክስሬይ አዩ። ሞለኪውሉ ተጣብቆ የተገኘው ቀደም ባሉት መዋቅሮች ላይ ባልነበረ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ጉድጓዱ የሚከፈተው ሞለኪውሉ ሲመጣ ነው። ያ ምስል ከታየ በኋላ መንገዱ ፈጠነ፤ በግንቦት 2021 ሶቶራሲብ የተባለው መድኃኒት የተወሰነ ዓይነት የሳንባ ካንሰር ላለባቸው ሕሙማን በአሜሪካ ተፈቀደ። ለአርባ ዓመት ያህል ተስፋ የተቆረጠበት ኢንዛይም መድኃኒት አገኘ።

ይህን ታሪክ ስመለከት የሚገርመኝ፣ ለሃያ አምስት ዓመት ያህል ትክክለኛው ቅርጽ በእጅ ሆኖ መልሱ አለመታየቱ ነው። ዛሬ ያሉት የትንበያ ሥርዓቶች የሚሰጡት ባብዛኛው አንድ ቅርጽ፣ ያውም ተለክተው ከተቀመጡት ጋር የሚመሳሰለውን ነው። ሕዋስ ውስጥ ያለ ኢንዛይም ግን በየቅጽበቱ ይተነፍሳል፣ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ኮሽላንድ በ1958 ኢንዛይም የሚሠራበት ሞለኪውል ሲመጣ ቅርጹን እንደሚያስተካክል ያቀረበው ሐሳብ ዛሬም ከዚህ ክርክር አይጠፋም።

በዘረ መል ላይ የሚደርስ ትንሽ ለውጥም እንደዚሁ ነው። በማጭድ ሕዋስ በሽታ የሂሞግሎቢን ቤታ ሰንሰለት ካሉት 146 አሚኖ አሲዶች አንዱ፣ 6ኛው፣ ተለውጧል። የአንዱ ሞለኪውል ቅርጽ ሲታይ ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም። በሽታው የሚመጣው ኦክስጂን የለቀቁ ሞለኪውሎች እርስ በርስ ተጣብቀው ረጅም ዘንግ ሲሠሩና ሕዋሱን ሲያጎብጡት ነው። አንድን ፕሮቲን ለብቻው የሚያይ ትንበያ የታማሚውን ከጤነኛው ለመለየት አይረዳም።

ኢንዛይምን በእንቅስቃሴ ላይ ማየት ታዲያ ይቻላል? በከፊል ተችሏል፣ በመስኩም ዛሬ ከሁሉ ይበልጥ ልብ የሚያንጠለጥለው ሥራ ይህ ይመስለኛል። ኤክስሬይ የሚያመነጩ የሌዘር ማሽኖች፣ ስታንፎርድ ያለው ከ2009 ጀምሮ፣ ሃምቡርግ አካባቢ ያለው ከ2017 ጀምሮ፣ በፌምቶሴኮንድ (በቢሊዮንኛ ሴኮንድ ሚሊዮንኛ) የሚቆጠር ርዝመት ያላቸው ብልጭታዎች ይሰጣሉ። ብልጭታው ክሪስታሉን ያወድመዋል፤ ምስሉ የሚመዘገበው ግን ከውድመቱ በፊት ነው። በ2018 የወጣ አንድ ሥራ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያን ቤታ ላክታሜዝ፣ ማለትም አንቲባዮቲክ የሚያመክነውን ኢንዛይም፣ ደቃቅ ክሪስታሎች ሴፍትሪያክሶን ከተባለው መድኃኒት ጋር እየቀላቀለ ከ30 ሚሊሴኮንድ እስከ 2 ሴኮንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ተከታትሏል። መድኃኒቱ ሲገባ፣ ኢንዛይሙን ሲይዝ፣ ቀለበት መሰል ክፍሉ ሲከፈት በየደረጃው ይታያል። መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች ዓለምን በሚያሰጉበት ዘመን ይህ ዝርዝር ዋጋው ትልቅ ነው።

አሁን በክርክሩ ውስጥ ጎልቶ አይነገርም ወደምለው ነገር ልምጣ። አልፋፎልድ ከባዶ አልተነሣም። የተማረው በመረጃ ቋቱ ውስጥ ከነበሩ 170 ሺህ ያህል በሙከራ የተለኩ መዋቅሮች ነው። ቋቱ በ1971 ሲከፈት የያዘው 7 መዋቅሮችን ብቻ ነበር። ቀስ በቀስ በመስኩ ሥርዓት ሆነ፤ መዋቅር አወጣሁ ብሎ በመጽሔት የሚያሳትም ሰው የእያንዳንዱን አቶም አድራሻ በቋቱ ውስጥ ማስቀመጥ አለበት፣ ማንም በነጻ ይወስደዋል። ሁሉም በአንድ ዓይነት አጻጻፍ፣ ጥራቱን ከሚያሳይ መለኪያ ጋር። የትውልድ ላብ ነው በዚያ የተጠራቀመው። ከ1994 ጀምሮ ደግሞ በየሁለት ዓመቱ ካስፕ የተባለ ፈተና ይካሄዳል፤ ያልታተሙ መዋቅሮች ተደብቀው ተንባዮች እንዲገምቱ ይደረጋል፣ ከዚያ ይመዘናሉ። አልፋፎልድ በ2020 ያሸነፈው በዚያ መድረክ ነው። ፈተናውም የቆመው መዋቅራቸውን ለጊዜው ሸሽገው ለፈተና ባበረከቱ የቤተ ሙከራ ሰዎች ነው።

ስለዚህ በግንቦት 2024 አልፋፎልድ 3 ሲታተም ኮዱ አብሮ ሳይወጣ በመቅረቱ የተነሣው ተቃውሞ ምክንያታዊ ነበር። በነጻ ከተሰጠ መረጃ የተማረ ሥርዓት ሥራው እንዲፈተሽ መከልከሉ ብዙዎችን አስቆጣ፤ ኮዱ ለአካዳሚያዊ አገልግሎት የተለቀቀው በኅዳር ወር ነው።

ለኢንዛይም ሥራ ግን እንዲህ ያለ ቋት የለም፤ ችግሩ ሁሉ የሚጠቃለለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በ1987 ጀርመን ውስጥ የተመሠረተው ብሬንዳ የተባለው የኢንዛይም መረጃ ስብስብ ከታተሙ ጽሑፎች እጅግ ብዙ ቁጥሮችን ለቅሟል፣ ውለታው ትልቅ ነው። ቁጥሮቹ ግን የተለኩት በተለያየ ሙቀት፣ በተለያየ አሲድነት፣ በተለያየ ጨው ነው። አንዱ አጥኚ በ25 ዲግሪ፣ ሌላው በ37 ይለካል። አንዳንዱ ጽሑፍ ምን ያህል ኢንዛይም እንደተጠቀመ እንኳ በግልጽ አይናገርም፤ ያ ካልታወቀ ደግሞ አንዱ ኢንዛይም በሴኮንድ ስንት ሞለኪውል እንደሚለውጥ ማስላት አይቻልም። ማሽን ከዚህ ይማር ቢባል የሚማረው ከኢንዛይሙ ባሕርይ ይልቅ የለካዪዎቹን ልማድ ነው።

የኢንዛይም ንድፍ ይህን በተግባር ያሳያል። የቤከር ቡድን በ2025 መጀመሪያ ያሳተመው ሥራ በተፈጥሮ የሌሉ፣ የኤስተር ትስስርን (አሲድና አልኮል ሲጣመሩ የሚፈጠረውን) የሚቆርጡ ኢንዛይሞችን በኮምፒውተር ነደፈ። የክሪስታል መዋቅራቸው ሲወጣ ከንድፉ ጋር የነበረው ልዩነት ከአንድ አንግስትሮም በታች ነው። በቅርጽ ረገድ ፍጹም ማለት ይቻላል። ፍጥነታቸው ግን ምርጦቹ የተፈጥሮ ኢንዛይሞች ከሚደርሱበት ገና ሩቅ ነው። ንድፋቸው የተሻሻለውም ቡድኑ ቅርጹን ብቻ ሳይሆን የለውጡን ደረጃዎች አንድ በአንድ፣ የሚቆረጠው ሞለኪውል ሲያዝ፣ ሲጣበቅ፣ ሲለቀቅ የሚኖረውን አቀማመጥ፣ ማገናዘብ ሲጀምር ነው። ላይሶዛይም ላይ ለ36 ዓመት የጎደለው ያው ደረጃ በደረጃ የማየት ጉዳይ ነው።

እንግዲህ የፕሮፌሰሩ ቤተ ሙከራ ያስፈልጋል ወይ ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ አዎ ነው፤ ሥራው ግን ይለወጣል። ለአዲስ ፕሮቲን ቅርጽ ማውጣት ብቻውን ለዶክትሬት የሚበቃበት ዘመን እያለፈ ነው፣ ማለፉም ደግ ነው። ተማሪው ቅርጹን ከትንበያ ተቀብሎ፣ የትኛው ክፍል እንደሚታመንና የትኛው እንደማይታመን ለይቶ፣ አሚኖ አሲድ እየለወጠ ፍጥነት መለካት፣ በመሃል የሚፈጠረውን ጊዜያዊ ትስስር ማጥመድ፣ የማይታየውን ጉድጓድ ማስከፈት መቻል አለበት። ይህ ደግሞ የኪኔቲክስ (የኬሚካላዊ ለውጥ ፍጥነት ጥናት) እና የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ትምህርትን ይጠይቃል፤ ብዙ ክፍሎች የኮምፒውተር ኮርስ ለመጨመር ብለው ሲቀንሱት የማየው ያንኑ ነው። ለእኔ ይህ ውሳኔ ከባድ ጉዳት አለው።

የመረጃው ጉዳይም በገንዘብ ሰጪዎችና በመጽሔቶች እጅ ነው። ስትሬንዳ የተባለው ቡድን አንድ የኢንዛይም ልኬት ሲታተም ሙቀቱ፣ አሲድነቱ፣ የኢንዛይሙና የሰብስትሬቱ (ኢንዛይሙ የሚለውጠው ሞለኪውል) መጠን፣ የመለኪያ ዘዴው አብሮ እንዲገለጽ የሚጠይቅ መመሪያ አዘጋጅቷል፣ የሚመዘገብበትም ቋት ከፍቷል። ብዙ መጽሔቶች መመሪያውን ለደራሲዎች ይመክራሉ። ምክር ግን አይበቃም። መዋቅርን በቋት ሳያስቀምጡ ማሳተም እንደማይቻል ሁሉ፣ የፍጥነት ልኬትንም ከነጥሬ መረጃው ሳያስቀምጡ ማሳተም የማይቻል መሆን አለበት፤ የከሸፉ ንድፎችና ሥራ ያቆሙ የተለወጡ ኢንዛይሞች ልኬትም ጭምር። አንድ ማሽን የትኛው ለውጥ ኢንዛይምን እንደሚገድል ሊማር የሚችለው ከእነዚያ ነው፤ ዛሬ ግን አብዛኞቹ የሚቀሩት በተማሪዎች የላቦራቶሪ ደብተር ውስጥ ነው።